የላስኩት የሰማይ ድንጋይ

ሥራ የገባሁ ዕለት ድንጋይ ላስኩ። ቀልድ አይምሰላችሁ፤ የአለቃ ትእዛዝ ነው።

ያኔ ዳንግላ ውስጥ ለመንገድ ሥራ የሚሆን ድንጋይ የሚመረመርበት አንድ የቆርቆሮ ቤት ነበር። የተቀጠርኩት በጽዳት ሠራተኛነት ነው። ከግምጃ ቤት ከተማ በጭነት መኪና ተጭኜ መጥቼ፣ የቀረችውን መንገድ በጋሪ ጨርሼ፣ መጥረጊያዬን ይዤ ስገባ አለቃው አቶ ደረበ ጠረጴዛቸው ላይ አቀርቅረው ነበር። አጭር፣ ደንዳና፣ ቅንድባቸው ሳይቀር የድንጋይ ዱቄት የለበሰ ሰው ነበሩ።

"ነይ እስቲ" አሉኝ ቀና ሳይሉ። "ይኼ ምንድን ነው?"

ለሁለት የተቆረጠ ድንጋይ ነው። "ድንጋይ ነው" አልኳቸው።

"ምን ዓይነት?"

"ጥቁር።"

"ላሺው።"

ሰውየው ጤና የላቸውም ብዬ በሩ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ በዓይኔ ለካሁ። እሳቸው ግን ምንም ሳይመስላቸው አንዱን ግማሽ አንስተው ላስ አደረጉት። ሌላውን ለእኔ ሰጡኝ።

"ያንቺ ይኼ ነው። የእኔን አትንኪብኝ።"

እንጀራ ነውና ላስኩ። ድፍን ጥቁር የነበረው ፊት እንደ ራሰ ሌላ ነገር ሆነ። ውስጡ አረንጓዴ ፍሬ ተበትኗል፣ ቀጫጭን ነጭ ጭረት አለ፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ነጥብ። "ውይ!" አልኩ ሳላውቀው። አቶ ደረበ ቀና ብለው ያዩኝ ያን ጊዜ ነው።

"ደረቅ ድንጋይ ፊቱን ይደብቅሻል። ሲርስ ማዕድኑ ይለያል። አረንጓዴው ኦሊቪን ነው፣ ነጩ ፌልድስፓር" አሉኝ።

"አረንጓዴው እንዴት ገባ?" ብዬ ጠየቅሁ። እሳቸውም መጥረጊያውን ከእጄ ተቀብለው ግድግዳ ላይ አስደገፉትና ወንበር ሳቡልኝ። ብዙም ሳልቆይ ረዳት ቴክኒሻን ሆንኩ፤ መጥረጊያውን ሌላ ሰው ተረከበው።

አቶ ደረበ በሁለት ነገር አይቀልዱም፤ በምላጭና በመዝገብ። ምላጩ አልማዝ የተቀባ ክብ መጋዝ ነው፤ ጣት ይዞ ይሄዳል። መዝገቡ ትልቅ ደብተር ነው። እያንዳንዱ ድንጋይ አንድ መስመር አለው፦ ቁጥሩ፣ የተገኘበት ቦታ፣ የተቆረጠበት ምላጭ፣ የነካው ፈሳሽ፣ የሠራው ሰው ፊርማ። "የነካውን ሁሉ ጻፊ፤ ነገ የሚያየው ሰው አንቺን አይጠይቅም፣ ደብተሩን ነው የሚጠይቀው" ይሉኝ ነበር።

እኔም በፈሳሹ ረድፍ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ "ውኃ" ብዬ ጻፍኩ። ምላስማ ማን ይጽፋል? አቶ ደረበም ጽፈው አያውቁም።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ያ ቤት ተዘጋና እኔ እንጅባራ ወደሚገኝ አንድ የማስተማሪያ ላቦራቶሪ ተዛወርኩ። ከረዳትነት ቴክኒሻን፣ ከቴክኒሻንነት ከፍተኛ ቴክኒሻን ሆንኩ። ሥራዬ ስስ ቅንጣቢ መሥራት ነው። ላላየ ሰው ልንገር፦ ድንጋዩን በምላጭ እንደ ቂጣ ቆርጠው ያወጡታል። አንዱን ፊት በማለስለሻ ዱቄት ይፈገፍጉታል። እሱን ፊት ስላይድ በሚባል መስታወት ላይ በሙጫ ያጣብቁታል። ጀርባውን ቆርጠው ይጥሉና የቀረውን፣ ከፀጉር እስኪሳሳ፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ እንደገና ይፈገፍጉታል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ያ ጥቁር ድንጋይ ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ፌልድስፓሩ ግራጫና ነጭ ሆኖ ከታየሽ ውፍረቱ ልክ ደርሷል ማለት ነው። አንዲት ዙር ካበዛሽ ደግሞ ድንጋዩ ከስላይዱ ላይ ጠፍቶ ባዶ መስታወት ይዘሽ ትቀሪያለሽ። እኔ ላይ ስንቴ ደርሷል!

ሊድያ ወደ ላቦራቶሪያችን የመጣችው ለጡረታዬ ጥቂት ዓመት ሲቀረኝ ነው። የእንጅባራ ልጅ ናት፣ ወጣት መምህርት። ሰንበት ሰንበት በጸሎት ቤታቸው መዘምራን ውስጥ ትዘምራለች፤ ላቦራቶሪም ውስጥ ስታንጎራጉር ነው የምትውለው። እንደ አቶ ደረበ ወግ መጀመሪያ ቀን ከጥርባ ሐይቅ ዳር የመጣ አንድ ድንጋይ ቆርጬ ሰጠኋትና "ላሺው" አልኳት።

"በኢየሱስ ስም! እትዬ ትርንጎ፣ ምን ሆነዋል?"

"ላሺው ነው የምልሽ!"

ላሰች። "ውይ!" አለች። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ሆነች።

አንድ ቀን እየሮጠች መጣች። ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛለች፤ ኔትወርክ እንዳይጠፋባት የፈራች ትመስላለች።

"ሰጡኝ! እትዬ ትርንጎ፣ ሰጡኝ!"

"ምኑን?"

"ከሰማይ የወደቀውን ድንጋይ!"

ለሦስተኛ ዲግሪዋ የምትሠራው ጥናት እሱ ነው። በውጭ አገር ያለ አንድ ተቋም ከደቡብ ዋልታ በረዶ ላይ የተለቀሙ ድንጋዮች አሉት። ሁለት ጊዜ ጠይቃ ሁለት ጊዜ እምቢ ብለዋት ነበር። አሁን በሦስተኛው፣ ሁለት የባቄላ ፍሬ የምታህል ቁራጭ በውሰት ሊልኩላት ተስማሙ። ቁራጯም ከእሷ የሚሠሩት ስላይዶችም ኋላ ይመለሳሉ።

"ለምን ከበረዶ?" አልኳት።

"እዚያ ሁሉም ነጭ ነው። ጥቁር ድንጋይ ከታየ ከላይ የወደቀ ነው። ደግሞም ብርዱ ያቆየዋል።"

እውነቷን ነው። እኛ ጥርባ ላይ ቢወድቅ ማን ይለየዋል? አገሩ ሁሉ ጥቁር ድንጋይ ነው።

የሊድያ ጥያቄ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ድንጋዩ ከምን ከምን ማዕድን ተሠራ? ሁለተኛ፣ በረዶው ውስጥ ያን ያህል ዘመን ሲቀመጥ ማዕድኑ ምን ያህል ተለወጠ፣ ምን ያህልስ ዛገ? ዲግሪዋ የተንጠለጠለው በሁለተኛው ላይ ነው።

ድንጋዩ በትንሽ ሣጥን፣ በጥጥ ተጠቅልሎ መጣ። አብሮት ደብዳቤ አለ። ሊድያ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፦ ይህ ድንጋይ ንጹሕ ብረት አለበት፤ ውኃ እንዳይነካው። ውኃ የምትለው ቃል በቀይ ተሠምሮባታል።

"ይኼ ከተበላሸ ሌላ አይሰጡኝም፤ ይታወቅ" አለችኝ ሊድያ። እየሳቀች ነው ያለችው፤ ሆኖም ሣጥኑን ለእኔ እንኳ አልለቀቀችም።

እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በሙሉ ድንጋይ የቆረጥኩት በውኃ ነው። ምላጩ ይግላል፤ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ያለ ውኃ እንዴት? ሊድያ ስታነብ ሰንብታ "ላምባ ይሆናል፤ ውኃ የሌለበት ንጹሕ ላምባ። ከዚያ በንጹሕ አልኮል ማጠብ ነው" አለች። አልኮሉን እሷ አስመጣች። ላምባውን እኔ ላምጣ አልኩ። የዳንግላው ሐጂ ኑሩ አለልኝ!

ሐጂ ኑሩ እኔ ከማስታውሰው ጊዜ በፊት ጀምሮ በዳንግላ ገበያ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው። ከአቶ ደረበ ዘመን ጀምሮ ያውቀኛል። በሚኒባስ ዳንግላ ወርጄ፣ በጋሪ ገበያው ድረስ ሄጄ ሱቁ ደረስኩ። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ታሪክ ሳወራ ግን እሱ ማለት ይቀናኛል፣ አይቀየመኝም።

"ላምባ ፈልጌ ነበር፣ ሐጂ።"

"እንጅባራ መብራት ጠፋ እንዴ?"

"ለድንጋይ ነው። ከሰማይ የወደቀ።"

"አላህ ይጠብቀን! የት ወደቀ? ሰው አልገደለም?"

"ሩቅ ነው፤ በረዶ ላይ። እና ሐጂ፣ ላምባው... ውኃ የለበትም አይደል?"

ሚዛኑን አስቀመጠ። "ትርንጎ፣ እኔ ላምባ ላይ ውኃ ስጨምር አይተሽኝ ታውቂያለሽ?"

"ኧረ በጭራሽ!"

"እንግዲያው እንደሱ ብለሽ አትጠይቂኝ።" በጨርቅ አጥልሎ ቀዳልኝ። የጀሪካኑን አፍ ሁለት ጊዜ በላስቲክ አሰረው።

ዓርብ ጠዋት ቆረጥኩት። ክረምት ነው፤ የእንጅባራን ክረምት ለሚያውቅ አልነግርም፣ ለማያውቅ ደግሞ ልብስ ሳጥን ውስጥ ሆኖ የሚሻግትበት አገር ነው ብል ይበቃል። ምላጩን አዲስ አሰርኩ። ላምባውን በጠብታ አወረድኩ። ሊድያ ትንፋሿን ይዛ አጠገቤ ቆማለች። ከዳር አንዲት ስስ ቂጣ ቆርጬ አወጣሁ። እጄ ንቅንቅ አላለም፤ ራሴን አመሰገንኩ።

"እትዬ ትርንጎ፣ እጅዎ ይባረክ!" አለችኝና ግንባሬን ሳመችኝ። ከሰዓት በኋላ የመዘምራን ልምምድ ስለነበራት ሄደች።

ብቻዬን ቀረሁ። የቂጣዋን ፊት በላምባና በማለስለሻ ዱቄት ፈገፈግሁት፣ በአልኮል አጠብኩት፣ ወደ መስኮቱ አዞርኩት። አልኮሉ ሳይደርቅ በፊት ለአንድ አፍታ ክብ ክብ ፍሬዎች ታዩኝ። ወዲያው ደረቀና ፊቱ ዳመነ። እኔም ላስኩት።

አይ እኔ! አስቤ አይደለም። እጄ አነሳ፣ ምላሴ ወጣ፣ አለቀ። የላስኩ መሆኔን ያወቅሁት ከላስኩ በኋላ ነው። ጣዕሙን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ ሚስማር ላምባ ውስጥ ነክረው ቢልሱት ያንን ይመስላል።

ለዚያች ቅጽበት ያየሁት ግን አይረሳኝም። ክብ ክብ ፍሬ፣ በፍሬው ውስጥ አረንጓዴ ኦሊቪን። የጥርባችን ኦሊቪን! ጎኑ ፓይሮክሲን የሚሉት ማዕድን፣ በመሐል እንደ መርፌ ጫፍ የሚያበሩ የብረት ነጥቦች። የእኛ ድንጋይ ንጹሕ ብረት የለውም፤ ስለዚህ ላሱት አላሱት ግድ የለውም። ይኼ ግን አለው።

ክው አልኩ። ቶሎ በጨርቅ ጠረግኩት። ውኃ እኮ አይደለም፣ ምራቅ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እንዲያው ሞኝነት! ሣጥኑ ውስጥ መልሼ ቤቴ ገባሁ። በመዝገቡ ፈሳሽ ረድፍ ላይ "ላምባ፣ አልኮል" ብዬ ጻፍኩ።

ሰኞ ጠዋት ሊድያ ሣጥኑን ከፈተች። ከዚያ ጮኸች።

"ይኸው ዝገቱ! እትዬ ትርንጎ፣ ይዩት!"

በእያንዳንዱ የብረት ነጥብ ዙሪያ ቡናማ ቀለበት ወጥቷል። ልጅቷ በደስታ ልትበር ደረሰች። በረዶው ያዛገው መሰላት፤ ጥናቷ የሚፈልገውን አገኘች። ያንኑ ሰዓት ፎቶ አንስታ በውጭ ላለው አማካሪዋ ላከች። እኔ ምራቄን ዋጥኩ። አሁን ንገሪያት፣ አሁን ንገሪያት እያልኩ ቆየሁ፤ እሷ እየዘመረች ስላይድ ስትወለውል ዋለች፣ እኔም ሳልነግራት ዋልኩ።

ረቡዕ የአማካሪው መልስ መጣ። ሊድያ አንብባ ፊቷ ተለወጠ። ድንጋዩን የላኩት ሰዎች ዝገቱ ጥቂት ነው ብለው መዝግበዋል፤ ይህ ግን ብዙ ነው፤ ምን ፈሳሽ ነው የነካው? ይላል ደብዳቤው።

መዝገቡን ገለጠች። ጽሑፌን አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ላምባው ውኃ ነበረበት እንዴ፣ እትዬ ትርንጎ?"

እዚህ ላይ ነው ዛሬም የማፍረው። አዎ አላልኩም። የለበትም አላልኩም። "እንጃ፣ ሊሆን ይችላል" አልኳት።

ሐሙስ ሊድያ ቀረች። ቀትር ላይ ስልኬ ጮኸ፤ ሐጂ ኑሩ ነው። ሰላምታም አልሰጠኝም።

"መምህርቷ ሱቄ ቆማለች። ላምባዎ ውኃ ነበረበት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ! ትርንጎ፣ አንቺ ነሽ ያልሽው?"

"ኔትወርኩ አይሰማም" አልኩና ዘጋሁት። ኔትወርኩማ እንደ ደወል ይሰማ ነበር።

ወደ ማታው ሊድያ ከዳንግላ ተመለሰች። ሁለት እጇን የያዘ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሐጂ ከዚያው በርሜል ላምባ ቀድቶ ሞልቶላታል።

"ይደርና ይታይ አሉኝ። ውኃ ካለበት ይዘቅጣል፣ ታች ይተኛል። ውሰጂና ትርንጎ ፊት አቁሚው አሉኝ" አለች።

ዓርብ ጠዋት ላቦራቶሪውን የከፈትኩት እኔ ነበርኩ። ጠርሙሱ ጠረጴዛው መሐል ቆሟል። ጎንበስ ብዬ ታቹን አየሁ። ጥርት ያለ ነው፤ ጠብታ ውኃ የለበትም። ጀርባዬን ሰጥቼው ምላጭ ማጽዳት ጀመርኩ። ዞር ስል አሁንም አለ። ነጠላዬን ላልብሰው አሰብኩ፤ ታዲያ ሊድያ ስትመጣ ምን ልበላት? ሰው ላምባ ፊት ያፍራል? እኔ አፈርኩ።

ሊድያ ገብታ እሷም ጎንበስ ብላ አየችው። "ንጹሕ ነው" አለች ቀስ ብላ። "የሐጂን ስም በከንቱ ነው ያነሳሁት። እንግዲያው ከየት መጣ?"

"ከምላሴ" አልኳት።

አልገባትም። "ከምን?"

"ላስኩት፣ ልጄ። ዓርብ ዕለት፣ አንቺ ልምምድ እንደሄድሽ። አስቤ አይደለም። ሰኞ ልነግርሽ ነበር፤ ደስታሽን ሳይ አቃተኝ። ረቡዕ ደግሞ... ረቡዕስ ምንም ምክንያት የለኝም። ፈርቼ ሐጂ ላይ አላከክሁት።"

ሊድያ ወንበሩን ስባ ተቀመጠችና ፊቷን በእጆቿ ያዘች። ታለቅሳለች ብዬ ቀረብ ስል "አይንኩኝ፣ እባክዎ" አለችኝ። እዚያው ቆምኩ።

ቀና አለች። "ዲግሪዬን ቢረግጡት ይሻል ነበር። እሱ የእኔ ነው። ሐጂ ግን ምን አደረጉዎት?"

ምላጩን የማጸዳበትን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"ሙሉውን ነው የላሱት?"

"አይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በዚህ በኩል።" በጣቴ አሳየኋት።

ቂጣዋን ማይክሮስኮፕ ሥር አደረገቻት። ረጅም ጊዜ አየች። ምላሴ ያለፈበት ቦታ ሁሉ ቀለበት በቀለበት ነው። ዳር ዳሩን ግን፣ ያልደረስኩበት ጠርዝ ላይ፣ ብረቱ ነጭ ሆኖ ያበራል። አንዲት ስንጥቅ ተከትሎ የሄደ ቀጭን ቡናማ መስመር ብቻ አለ። ይኼ ነው የበረዶው ዝገት።

"እንግዲህ ከሌላኛው ጫፍ እንደገና እንቆርጣለን" አለች። "መጀመሪያ ግን ዳንግላ ይሂዱ።"

ቅዳሜ ጠርሙሱን ታቅፌ ሄድኩ። ገበያ ነው፣ ጋሪውና ባጃጁ መተላለፊያ አሳጥቶታል። ሐጂ ሱቅ ስደርስ ስድስት ሰባት ሰው ቆሟል። አየኝ፤ እንዳላየ ሆኖ ስኳር መመዘኑን ቀጠለ። ተራዬን ጠበቅሁ። ተራዬ ሲደርስ ከእኔ ኋላ ያለውን ሴትዮ አስቀደመ። ደግሞ ሌላ ሰው አስቀደመ። ይገባኛል አልኩና ቆምኩ።

በመጨረሻ "ምን ልስጥሽ?" አለኝ።

"ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁ፣ ሐጂ። ላምባዎ ንጹሕ ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።"

"ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ? እኔማ ላምባዬን አውቀዋለሁ። ልጅቷ የጠየቀችኝ ሰው ፊት ነው።"

ገባኝ። ወደ ገበያተኛው ዞርኩ። ፊቴ እሳት ሆነ። "እናንተ ሰዎች፣ ስሙኝማ! የሐጂ ላምባ ውኃ አለበት ተብሎ የተወራው ውሸት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ድንጋዩን በምላሴ ልሼ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ፈርቼ በእሳቸው ላይ አላከክሁት!" አልኩ በአማርኛ። ከገጠር የመጡት እርስ በርስ ሲተያዩ ያንኑ በአዊኛ ደገምኩት። በአዊኛ ሲባል ይበልጥ አሳፈረኝ፤ የእናቴ ቋንቋ ነዋ።

አንዲት ሽንኩርት የያዘች ሴት "ድንጋይ ላስሽ?" አለች። ሳቁ ከዚያ ተነሣ። ሱቁ ሙሉ ሳቀ። ሐጂ ለመኮሳተር ታገለ፣ አልቻለም።

"የሰማዩን?" አለኝ።

"የሰማዩን።"

"ጣዕሙስ?"

"የእርስዎን ላምባ ላምባ ነው የሚለው።"

ጠርሙሱን ተቀብሎኝ ወደ ብርሃኑ አንስቶ አየው። "ለሁለተኛው ቆረጣ ያስፈልግሻል፤ ይዘሽው ሂጂ" ብሎ መለሰልኝ። ገንዘብ ብሰጠው እጄን ገፋው።

ሰኞ እንደገና ቆረጥን። ከመጀመሬ በፊት ነጠላዬን አፌ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሜ ከኋላ አሰርኩት። ሊድያ ቋጠሮውን አጠበቀችው፤ "መተንፈሻ ይበቃዎታል?" ብላ። ራሴን ነቀነቅኩ። ከዓርብ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ቆረጣው፣ ፍግፈጋው፣ እጥበቱ፣ ሁሉም አፌ ታስሮ ተሠራ። አልኮሉ ደርቆ ፊቱ ሲዳምን ምላሴ ነጠላው ሥር ተንቀሳቀሰች። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ተንቀሳቀሰች! ቶሎ ብዬ ለሊድያ አቀበልኳት።

ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ስላይዱ ላይ ኦሊቪኑ ሰማያዊና ሮዝ፣ ፓይሮክሲኑ ጎን ለጎን፣ በስንጥቁ ላይ ብቻ ያቺው ቀጭን የዝገት መስመር። ሊድያ በደስታ የጻፈችውን አጠፋችና እንደገና ጻፈች፦ በረዶው ይህን ድንጋይ የነካው በጥቂቱ ነው። ከመጀመሪያው ያነሰ ነገር ነው። እውነት ግን ነው።

የላስኳትን ቂጣም ስላይድ አሠራችኝ፤ ለላኩላት ሰዎችም አልደበቀችም። ምን ብላ እንደጻፈች ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ። መልሱ እስኪመጣ የሊድያን ፊት ማየት ይከብደኝ ነበር። በመጨረሻ መጣ። ስለነገርሽን እናመሰግናለን፤ ሁለቱንም ስላይድ ላኪልን፤ አንደኛው ምን እንደነካው በግልጽ ይጻፍበት፤ ወደፊትም ስትጠይቂ እናያለን ይላል። ሊድያ መጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሦስቴ አነበበችልኝ። ከዚያ እኔ አለቀስኩ፣ እሷ ሳቀች።

አንደኛውን ስላይድ ወደ ጥናቷ አስገባችው። ያን ሁሉ ዘመን በረዶ ላይ ተቀምጦ እምብዛም ያልዛገ ድንጋይ፣ በእንጅባራ ክረምትና በእኔ ምላስ በሦስት ቀን እንደዛገ የምትገልጽ አንዲት አንቀጽ አለች። ዲግሪዋን ስትቀበል ሐጂ ኑሩ ከዳንግላ መጥቶ ከእኔ ጎን ተቀምጦ ነበር። ስሟ ሲጠራ ከእኔ በላይ አጨበጨበ።

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መዝገቡን ለተተኪዬ ከማስረከቤ በፊት ያንን መስመር ገለጥኩት። "ላምባ፣ አልኮል" ይላል በእጅ ጽሑፌ። ከጎኑ "ምራቅ፣ የእኔ" ብዬ ጨመርኩና ፈረምኩ።

ይኸው ነው። ድንጋይ የምትቆርጡ ልጆች፣ የነካውን ሁሉ ጻፉ። ራሳችሁ የነካችሁትን በሰው አታላክኩ።